ደመና አሳዳጇ

እኔን ሰው የሚፈልገኝ ብረት ሲሰበር ነው። ሌላ ጊዜ ሲያገኘኝ መንገድ ይቀይራል። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ወገዳ ላይ ሠላሳ ሦስት ዓመት የኖርኩት ኑሮ ስለሆነ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ አያቴም ቀጥቃጭ። እኔ መብራት ሲገባ የብየዳ ማሽን አቆምኩና «በያጅ» ተባልኩ። ስሙ ተለወጠ እንጂ የሰው ዓይን አልተለወጠም። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁት ሰንፌ አይደለም፤ አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ የሚቀመጥ ልጅ ጠፍቶ ነው። «የቡዳ ልጅ» ይሉኝ ነበር። መምህሩም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ጠመኔውን ይፈልጋል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ነጭ የጭነት መኪና ደጄ ላይ ቆመ። ጀርባው ላይ የጎጆ ክዳን የሚያህል ሳህን ተሸክሟል። ሾፌሩ ወረደ፤ ወርቅነህ ይባላል፣ ሆዳም የሚመስል ቀልደኛ የባሕር ዳር ሰው።

«በያጁ አንተ ነህ?»

«ምን ተሰበረ?» አልኩት። ሰላምታ አላበዛም።

«ይሄ መንገዳችሁ ያልሰበረው ምን አለ? ወገቤን ተወው፣ እሱን አንተም አትበይደውም። መኪናው ሲቆም የሚደገፍበት እግር አለው፤ እሱ ከሥሩ ተሰንጥቋል።»

«ሳህኑስ ምንድን ነው?»

«ራዳር ነው። ዶፕለር ራዳር ይሉታል። ደመና ሆድ ውስጥ ያለውን ያያል፤ ዝናብ ይሁን በረዶ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ። ሌላው ሰው ከደመና ሲሸሽ እኛ ወደ ደመናው እንነዳለን።»

«ጤነኛ ሰው አይሠራውም።»

«እሱን ለአለቃዬ ንገራት» አለና ወደ ጋቢናው ዞረ። «ዶክተር አዜብ፣ ሰውየው ተገኝቷል።»

ስሙን ስሰማ ሌላ አዜብ ናት ብዬ ራሴን አታለልኩ። የጋቢናው በር ተከፈተ። ጭቃ የበላው ቦት ጫማ መጀመሪያ መጣ፣ ቀጥሎ የዝናብ ካፖርት፣ ቀጥሎ ያ ግንባር። ዓይኗን ያነሣችው ቀስ ብላ ነው፣ ከባድ ሸክም እንደሚያነሣ ሰው።

«ቻላቸው» አለች።

«እንደምን ሰነበቱ» አልኳት።

«ሰነበቱ?»

«ዶክተር አይደሉ እንዴ? እንደ ማዕረግዎ ነው።»

ወርቅነህ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየ። «ትተዋወቃላችሁ?»

«አገሬ ነው» አለች። ቻላቸውን አውቀዋለሁ አላለችም፤ አገሬ ነው አለች። እሱንም መዘገብኩት። እንዲህ ያለ ነገር መመዝገብ አይታክተኝም።

እንግዲህ ነገሩን ካላወቃችሁት ይኸውላችሁ። አባቷ መሪጌታ ተክለ ማርያም ይባሉ ነበር። ጋይንት ቤተ ልሔም ገብተው የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ያስመሰከሩ፣ ወገዳ አጠገብ ባለች ደብር የሚያገለግሉ፣ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ከመንገድ ወርዶ የሚያሳልፋቸው ሰው። አዜብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በደጃችን ታልፋለች። አንድ ቀን ቆመችና «እሳቱ ሲበዛ ለምን ነጭ ይሆናል?» አለችኝ። ሌላው ልጅ በደጃችን ሲያልፍ አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል፤ እሷ ቆማ ጠየቀች። ሁለት ዓመት እንዲሁ ቆማ ጠየቀች። አንድ ጊዜ መቆንጠጫውን ሳቀብላት እጄ እጇን ነካው። እኔ ዓይኗን አየሁ፣ እጇን በቀሚሷ ትጠርግ እንደሆነ። አልጠረገችም። ምን አለፋችሁ፣ እኔ ያን ቀን ነው ያበድኩት።

ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። የሚመራቸው አያ አዳነ ነበር፣ ከአባቴ ጋር ልጅነቱን ያሳለፈ ገበሬ። መሪጌታ ሽማግሌዎቹን ደጅ አቁመው «የማን ልጅ ነው?» አሉ። ተነገራቸው። «እንግዲያው ማረሻችን ሲዶለዱም እንልክላችኋለን» ብለው በሩን ዘጉት። አያ አዳነ ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ውብነሽ ሁለት ማረሻ ይዛ መጣች። ውብነሽ የአዜብ የአክስት ልጅ ናት፤ አንድ ቤት ያደጉ፣ አንድ ነጠላ የሚለብሱ። «ከመሪጌታ ቤት ነው» አለች፤ ከማረሻው ጋር የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝና ዞር ብላ ሄደች። ሰውየው ቃላቸውን ጠበቁ አልኩ። ማረሻውን እልካለሁ አሉ፣ ላኩ፤ ስድቡን ደግሞ በጽሑፍ አደረጉልኝ። ወረቀቱን ሳልከፍተው እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት። ማረሻዎቹን ስዬ መለስኩ። በሳምንቱ አዜብ ዩኒቨርሲቲ ገባች ተባለ። ደኅና ሁን ሳትለኝ። አባቷም በዚያው ዓመት ወደ ጋይንት ተዛወሩ፣ አሁን አርፈዋል። ሙት አይወቀስም ይላሉ። እኔ እወቅሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። አሁን ብረቷ ተሰብሮ ደጄ ላይ ቆማለች።

መኪናው ሥር ገብቼ ስንጥቁን በሞረድ ጠረግሁ። እሷ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አንቱ እያልክ አትግደለኝ» አለች፣ ወርቅነህ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ዓይንዎን ያዙሩ። ብርሃኑ ይጎዳል።»

ተነሥታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ግን አልራቀችም። ብየዳው እየተንጣጣ ብልጭታው ጥላዋን አጥሩ ላይ ሲጥለውና ሲያነሣው በጭንብሌ ውስጥ አያለሁ። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነበር፤ እኔ አንድ ሰዓት አደረግሁት። ስጨርስ መዶሻዬን አንሥቼ መታሁት፤ ጠንካራ ነበር።

«አልቋል» አልኳት።

«ነገ ከእኛ ጋር ወደ አምባው ውጣ።»

«ምን ተሰብሮ?»

«ምንም አልተሰበረም» አለች።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም ሳይሰበር የጠራኝ ሰው አልነበረም።

*

ከወገዳ በላይ ካለው አምባ ላይ ሆነው ሲያዩ አገሩ ሁሉ እግር ሥር ነው። ገብሱ ፍሬ ቋጥሯል፤ አሁን በረዶ ቢመታው የዓመቱ እንጀራ ሄደ ማለት ነው። ሳህኑ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። እኔ የመኪናውን እግር አያለሁ፣ መኪናው የታሰረበትን ካስማ አጠብቃለሁ፣ ሥራ የሌለኝን ሥራ እፈጥራለሁ። አራት ቀን እንዲሁ ወጣሁ። ለምን እንደምወጣ ቢጠይቁኝ ብረቱን ልጠብቅ እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን አያ አዳነ ከጎረቤቶቹ ጋር ሊያይ መጣ። ከዘራውን ተደግፎ ሳህኑን ሽቅብ አየው።

«እታለም፣ ይህ ሳህን በረዶ ይመልሳል?»

«አይመልስም አያ አዳነ። ሲመጣ ብቻ ይነግረናል።»

«እሱንማ ጉልበቴም ይነግረኛል።»

«ስንት ደቂቃ ቀድሞ ይነግርዎታል?»

«ከማታ ጀምሮ ይጠዘጥዘኛል። ያንቺስ?»

«የእኔ ግማሽ ሰዓት ቢቀረው ነው።»

«እንግዲያ የእኔን ጉልበት ጫኚውና ሂጂ» አለ፤ ሰዎቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። አያ አዳነ ግን አንዴ እኔን አንዴ እሷን አይቶ ጨመረበት፦ «ይሄ ጉልበት ዝም ብሎ አልታመመም። አንድ ቀን ሰው ደጅ ለረጅም ጊዜ ቆሜ ነው።»

ሳቋ ቆመ። አንገቷን ደፋች። እኔም ካስማው ጋ ሄድኩ፤ ካስማው ግን ደኅና ነበር።

ሰዎቹ ሲሄዱ ወደ መኪናው ኋላ ጠራችኝ። እዚያ ጠባብ ክፍል አለች፣ ሁለት ወንበርና ስክሪን። ስክሪኑ ላይ ቀለም ፈስሷል።

«ቀዩ እየራቀን ያለ ነፋስ ነው» አለች፤ «አረንጓዴው እየቀረበን ያለ። ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲጣበቁ ደመናው ራሱ እየዞረ ነው ማለት ነው። በሌላ አገር ያ ዙሪት መሬት ወርዶ ቤት ከነመሠረቱ ይነቅላል፤ ቶርኔዶ ይሉታል። እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ በረዶ ሆኖ ይቀራል። ለምን እንደሚቀር ነው የማጠናው።»

«ሰው ላይ ይሠራል?»

«ምኑ?»

«እየቀረበ ይሁን እየራቀ የሚያሳየው።»

«ሰው ላይ ቢሠራማ ኖሮ» አለች፤ «እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደመና ላይ አፍጥጬ አልኖርም ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አላስታውስም። አንገቷ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ አየሁ፣ ዱሮ የማውቃትን።

*

ጳጉሜን ሁለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከጉና ተራራ ጀርባ ደመና ተነሣ። ጥቁር ብቻ አልነበረም፤ ሆዱ አረንጓዴ ነበር፣ እንደ ሻገተ ነሐስ። አዜብ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠችና ስልክ አወጣች።

«አያ አዳነ፣ ከብቱን ያስገቡ። ሰው ሜዳ ላይ እንዳይገኝ ለጎረቤት ሁሉ ይንገሩ። ጉልበትዎ አልነገረዎትም? ... ነግሮኛል ካሉማ ምን ይጠብቃሉ።»

ወርቅነህ ከጋቢና ሆኖ ጮኸ። «ዶክተር፣ እንሂድ ወይስ እንሙት?»

«እንቆያለን። መሐሉ በላያችን ነው የሚያልፈው፤ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው። ሃያ ደቂቃ አለን።» ከዚያ በሩን ዘጋች፤ ክፍሏ ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ለዓመታት የፈለገችው ደመና ይኸው እየመጣ፣ እሷ ግን ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። እዚህ አገር የመጣሁት ለበረዶው ብቻ እንዳይመስልህ። ከዚህ ሌላ ሦስት ቦታ ምረጪ ተብዬ ነበር።»

«ጠይቂኝ» አልኩ። አንቱታው ከአፌ መውደቁን ያወቅሁት ካለፈ በኋላ ነው።

«ውብነሽ ደብዳቤዬን ሰጥታህ ነበር?»

«የምን ደብዳቤ?»

«ማረሻ አስይዤ የላክሁልህ። ያለ ማረሻ ከእኛ ቤት ወደ እናንተ ቤት ምን ይላካል? እናቴ እንኳ አልጠረጠረችም። ማረሻዎቹ ደኅና ነበሩ፤ ድንጋይ ላይ ቀጥቅጬ ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ።»

ማረሻዎቹ ታወሱኝ። ያን ቀን እጄ ላይ ገልብጬ አይቻቸዋለሁ። ጫፋቸው እርሻ እንደበላው ብረት አልሳሳም፤ ተፈረካክሶ ነበር። የብረት ልጅ ነኝ እላለሁ፤ አላስተዋልኩም። የሰውየውን ስድብ እየሰማሁ ነበራ።

«መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ ከተማ መናኸሪያ ጠብቀኝ፣ አብረን እንሄዳለን ብዬ ጻፍኩልህ» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ ያለችው ነገር መሆኑ ያስታውቃል። «ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ከእስቴ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ አውቶቡስ በሞላ ቁጥር ረዳቱ ‹ትሄጃለሽ?› ይለኛል፤ ሰው እየጠበቅሁ ነው እላለሁ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ዳቦ ሻጭ ‹ልጄ፣ የሚመጣ ሰው እንዲህ አያስጠብቅም› አለችኝ። ተሳፈርኩ። ውብነሽን በስልክ ስጠይቃት በእጁ ሰጥቼዋለሁ አለች። ዋሸሽ አልኳት። ለአባቴ የሰጠችው መሰለኝ። ሠርጓ ላይ አልሄድኩም። ልጇን ክርስትና ስታስነሣ ለመነችኝ፣ አልሄድኩም። ዘጠኝ ዓመት እህቴን ቀብሬ ኖርኩ፤ ለምን መሰለህ? ደብዳቤው ደርሶህ ትቀራለህ ብዬ ማመን አቃተኝ። እሷን ውሸታም ማድረግ ቀለለኝ።»

ነፋሱ መኪናውን ገፋው።

አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃኝ። አልደረሰኝም ብል አለቀ። ውብነሽ ዘጠኝ ዓመት የተሸከመችውን ትንሽ ብትቀጥልበት ማን ያውቃል? ሰው ሁሉ በእኔ ላይ ሲጭን ኖሯል፤ አንድ ቀን እኔ በሌላ ላይ ብጭን ምን አለበት? አዜብ ደግሞ ያን ቃል እየጠበቀች ነበር። ዓይኗ እየለመነኝ ነበር። እጇ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል፣ ብይዘው የምትሰጠኝ ይመስለኛል። እጇን እንዴት እንደናፈቅሁት ልነግራችሁ አልችልም፤ ብረት ስይዝ፣ ውኃ ስጨልፍ፣ ሰው ስጨብጥ፣ ዘጠኝ ዓመት ሁሉ ነገር እሱን አለመሆኑን እያወቅሁ ነው የኖርኩት።

«ሰጥታኛለች» አልኩ።

እጇን ከጉልበቷ አንሥታ ማሽኑ ላይ አደረገች።

«በእጄ ነው የሰጠችኝ። ውብነሽ አልዋሸችም። እኔ አልከፈትኩትም። አባትሽ የላኩት ስድብ መሰለኝ። እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት፣ ወናፉንም ራሴ ነፋሁበት።»

አፏ ሲከፈት አየሁ። የመጀመሪያው በረዶ ያን ጊዜ ጣራውን መታ፣ ሁለተኛው፣ ከዚያ መቁጠር ቀረ። ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ እንደሚገለበጥ ነበር። አዜብ ትናገራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ አንድም ቃል አልሰማሁም። እሷም እንዳልሰማኋት ታውቃለች፣ ግን አላቆመችም። ዘጠኝ ዓመት የያዘችውን ሁሉ እዚያ ጩኸት ውስጥ አፈሰሰችው። ቀኝ እጇ ግን ከማሽኑ አልተነሣም። ስክሪኑ ላይ ቀይና አረንጓዴው ተቃቅፈው ይዞራሉ፣ እሷ በአንድ ዓይኗ እነሱን ትከተላለች፣ በሌላው እኔን ትረግማለች፣ ወይም ትመርቃለች፣ ወይም ስሜን ትጠራለች። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም።

መቼም ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ ሁሉንም ሰምቼ በልቤ ይዣለሁ። ያን ቀን ግን መስማት ያማረኝ ያልሰማሁት ነበር።

*

ሲያልፍ አገሩ ነጭ ሆኗል። አምባው ላይ የመኪናው እግር ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በረዶ ውስጥ ቆሟል። ወገዳ በኩል ያለው ገብስ ግማሹ ቆሞ ይታያል፣ ግማሹ ተኝቷል። ወርቅነህ ከጋቢና ወርዶ ራሱን እየዳበሰ «አለሁ?» አለ። ሁለታችንን አየና ተመልሶ ገባ።

አዜብ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «የውብነሽ ስልክ አለህ?»

ነበረኝ። ባሏ ለቤታቸው መስኮት አሠርቶኝ ያውቃል። መካነ ኢየሱስ ነው የሚኖሩት። ቁጥሩን እየጠራሁ መታችው። ራቅ ብላ ሄደች፤ በረዶው ከእግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል።

«ውብነሽ ... እኔ ነኝ። አዜብ።»

ከወዲያ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። አዜብ ቀስ ብላ ቁጢጥ አለች፣ ነጩ ላይ፣ ካፖርቷ እየራሰ።

«አልዋሸሽም» አለች። «አልዋሸሽም። አልዋሸሽም ነበር።»

ረጅም ሰዓት ተነጋገሩ። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ የልጁን ስም ጠየቀች፣ ቀጥላ አንድ ጊዜ ሳቀች። እኔ ከመኪናው ጎማ አጠገብ ቆሜያለሁ። ያንን ሳቅ ከሁለት ሰው የነጠቅሁት እኔ ነኝ። እኔ ሁልጊዜ የተነጠቅሁትን ነው የማውቀው፤ ነጣቂ መሆኔን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ስትመለስ ፊቷ አብጧል፣ ግን ቀሏታል።

«ምን አለች?»

«‹ያን ጊዜም ፊቱ ጨልሞ ነበር፤ ሳይከፍተው እንደሚቀር ጠርጥሬ ነበር፤ ለአንቺ ግን ማን ይናገራል› አለች።»

«ይቅር በይኝ» አልኩ። ይህን ቃል ሰው ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ኖሬ፣ አፌ ውስጥ ሳገኘው እንግዳ ሆነብኝ።

አዜብ አጠገቤ ጎማውን ተደግፋ ቆመች። ትከሻዋ ትከሻዬን ሊነካ አንድ ጣት ቀረው። «ብታነበው ትመጣ ነበር?»

አዎን ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። አንድ ቀን ቀድሜ እመጣ ነበር ልላት ነበር። ግን አንዴ እውነት ተናግሬ ስለነበር ውሸቱ አልወጣ አለኝ።

«አላውቅም። ብመጣ ምን አበላሻለሁ፣ የት አኖራታለሁ ብዬ እፈራ ነበር መሰለኝ። ቁጣው ይቀለኝ ነበር።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለች። «መናኸሪያው ላይ ሁለት ቀን ሙሉ። እንዳትቀር ሳይሆን እንዳትመጣ የፈራሁበት ሰዓት ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ተያየን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓይኗ ውስጥ የመሪጌታን ልጅ አላየሁም፤ የደከማት፣ የሠላሳ ዓመት፣ አፍንጫዋ የቀላ ሴት አየሁ። እኔም ለእሷ ምን እንደመሰልኩ አላውቅም። ጣቷን አንሥታ ቅንድቤ ላይ የቆየች የብየዳ ጠባሳ ነካች። ወዲያው አነሣችው። ጣቷን አልጠረገችም።

ወርቅነህ ሞተር አስነሣ።

«ዛሬ ወደ እስቴ እንሄዳለን» አለች። «ውብነሽ ቤት ነው የማርፈው። አንተ ግን ከእኔ ጋር አትምጣ። በራስህ እግር ሂድና ይቅርታ በላት፣ ባሏና ልጇ ባሉበት። የስልኬን ቁጥር እሷ ጋ እተዋለሁ። ልትሰጥህ ከፈቀደች ትሰጥሃለች።»

«ባትፈቅድስ?»

«እሷ ናት የምታውቀው። እኔ አልለምንልህም።»

ጋቢና ገባች። መኪናው በረዶውን እየሰበረ ቁልቁል ወረደ፤ ሳህኑ ተኝቶ ታስሯል። መስኮቷን አልዘጋችውም። አልዞረችም፣ ግን አልዘጋችውም።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። መሪጌታን ልረግም ብዬ ፈለግሁ፤ የለመድኩት እሱ ነውና። አልመጣልኝም። መምህሩን ፈለግሁ፣ ወንበሩ ላይ ያልተቀመጡትን ልጆች ፈለግሁ። ሁሉም ራቁኝ። ቂም ለካ ቤት ይሞላል፤ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ያስመስለዋል። ሲወጣ ቤቱ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር አየሁ፣ በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ የምትኖረው አንዲት ሴት ብቻ እንደነበረችም አወቅሁ። የምቆጣው ሰው የለኝም አሁን። ናፈቀችኝ። መኪናው ገና ከዓይኔ ሳይሰወር ናፈቀችኝ።